ፎልትን ምን እንበለው?

ጀማሪው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስነ ምድር እየተማርኩ ነው። ማስታወሻዬን በአማርኛ ልያዝ ብዬ የተራሮች አፈጣጠር ላይ ስደርስ ተያዝኩ። «ፎልድ»ን እጥፋት ብዬ አለፍኩት። «ፎልት»ስ? ስንጥቅ ቢባል ያስኬዳል?

ቃል ለቃሚ፦ ስንጥቅ አይሆንም ባይ ነኝ። ተሰንጥቆ ባለበት የቆመ አለት አለ፤ ባለሙያዎቹ «ጆይንት» ይሉታል። ስንጥቅ ለእሱ ይቀመጥ። ፎልት ግን የተሰበረው አለት አንዱ ወገን በሌላው ላይ ሲንሸራተት ነው። እኔ ስብራት እላለሁ። በነገራችን ላይ «ስምጥ ሸለቆ»ን ያወጣው ሰው እጁ ይባረክ! መሬት ሲለጠጥ በስብራቶች መሃል ያለው ቁራጭ ወደ ታች ይሰምጣል። ቃሉ ሂደቱን ይዞታል።

ጀማሪው፦ ሂማላያ ላይ ያለውስ? እዚያ መሬቱ የሚገፋ እንጂ የሚለጠጥ አይደለም። «ትረስት» ይሉታል።

ቃል ለቃሚ፦ እዚያ ከስብራቱ በላይ ያለው ወገን ሽቅብ ተገፍቶ በታችኛው ላይ ይወጣል። አንዱ ሌላውን በቅሎ ላይ እንደሚፈናጠጥ ማለት ነው። «ተፈናጣጭ ስብራት» ብንለውስ?

የደጋው፦ ሃሃ፣ ተመችቶኛል። እጥፋትና ስብራትን መለየት ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግላሩስ በሚባል ቦታ፣ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው አለት ከ50 ሚሊዮን የማይበልጠው ላይ ተቀምጧል፤ ወትሮ ግን አሮጌው ከታች ነበር የሚሆነው። መለያው መስመር ከሩቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የስዊዘርላንዱ የስነ ምድር ሊቅ አርኖልድ ኤሸር ነገሩን ሁለት ፊት ለፊት የተያዩ ግዙፍ እጥፋቶች ናቸው ብሎ ተረጎመው። ተማሪው አልበርት ሃይምም ለዚህ ሐሳብ ለረጅም ዘመን ተሟገተ። በ1884 ፈረንሳዊው ማርሴል በርትራን ቦታውን ሳይረግጥ፣ ጽሑፍ ብቻ አንብቦ፣ «አንድ ተፈናጣጭ ነው» አለ (ቃሉ የእናንተ ነው እንጂ የእሱ አይደለም)። ሃይም እጁን የሰጠው 20ኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ ነው። ዛሬ ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አንድ አንባቢ፦ ታዲያ «ተራራ ከተራራ አይገናኝም» የሚለው ተረት ምን ሊሆን ነው?

ቃል ለቃሚ፦ ተረቱ ይኑር። ተራራ ከተራራ ባይገናኝም አህጉር ከአህጉር ይገናኛል። ሕንድ ከእስያ ጋር የተጋጨችው የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ አሁንም በዓመት ጥቂት ሳንቲ ሜትር እየገፋች ነው። ኤቨረስት ጫፍ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው።

የደጋው፦ ጀማሪው፣ አንድ ነገር ግን አደራ። ለእጥፋት ምሳሌ ስትፈልግ ራስ ዳሽንን እንዳትጽፍ። ሰሜን ተራሮች የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ ላቫ ተደራርበው የተሠሩ፣ ኋላ በጎርፍና በወንዝ የተቦረቦሩ ናቸው። አለቱ አልታጠፈም።

ጀማሪው፦ ልጽፍ ነበር እኮ! የመጨረሻ ጥያቄ፦ «የተራራ ቀበቶ» ወይስ «የተራራ ሰንሰለት»?

ቃል ለቃሚ፦ ሰንሰለት። ቀበቶ ከፈረንጅ የተገለበጠ ይመስላል። መቀነት የሚል ካለም አልጣላውም።