የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ኤሌክቶራል ኮሌጅን የሙጥኝ ያሉት ለምንድን ነው?

ሐና ቢ.
ሰላም ለሁላችሁ። በ2016 (ፈረንጆቹ ናቸው ዓመቶቹ) ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ በ2.9 ሚሊዮን ገደማ እየበለጡ ትራምፕ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ወግ አጥባቂዎቹ ግን አሠራሩን አትንኩብን ይላሉ። ለፓርቲያቸው ለሪፐብሊካን ስለሚያዋጣ ነው ከማለት ያለፈ መከራከሪያ አላቸው? ስሌቱንም ብታስረዱኝ።

ተክሌ
ፕሬዝዳንቱን በቀጥታ የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን ከየግዛቱ የሚወከሉ መራጮች ናቸው፤ ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው ይኸው ነው። የእያንዳንዱ ግዛት የወካዮች ቁጥር ስሌት ቀላል ነው። አንድ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ያለው መቀመጫ ላይ ሁለቱ የሴኔት ወንበሮች ይደመራሉ። 435 እና 100፣ በ1961 የጸደቀው 23ኛው ማሻሻያ ለዋሽንግተን ዲሲ የሰጣቸው 3 ሲታከሉበት 538። 270 ያገኘ ያሸንፋል። ማንም ካልሞላ የተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል፤ እዚያ ካሊፎርኒያም ዋዮሚንግም አንድ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው። ጆን ክዊንሲ አዳምስ ከ1824ቱ ምርጫ በኋላ ሥልጣን የያዙት በዚህ መንገድ ነው።

ወደ መከራከሪያው ስንመጣ፣ «ትንንሽ ግዛቶችን ይጠብቃል» የሚለው እምብዛም አያስኬድም። ተወዳዳሪዎች ዋዮሚንግ ድርሽ አይሉም፤ የሚከርሙት ፔንስልቬንያ ነው። ጠንካራው ነጥብ ውዝግብን በአንድ ግዛት አጥር ውስጥ ማስቀረቱ ነው። በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ቡሽና ጎርን የለያቸው 537 ድምፅ ነበር። በቅጡ ያልተበሳ የድምፅ መስጫ ካርድ በብርሃን እየታየ ሲመረመር የተራኮቱት የፍሎሪዳ ካውንቲዎች ብቻ ናቸው። በ1960 ግን ኬኔዲ በአገር አቀፍ ድምር ኒክሰንን የበለጡት በመቶ ሺህ ድምፅ ገደማ ነበር። ያ ድምር ቢሆን ወሳኙ፣ በ50ውም ግዛት ካልተቆጠረልኝ የሚል ጠበቃ አይጠፋም ነበር።

ጥላዬ
ተክሌ ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘሏል። አሸናፊው የግዛቱን ድምፅ ጠቅልሎ የሚወስደው ሕገ መንግሥቱ ስላዘዘ አይደለም። አንቀጽ ሁለት አመራረጡን ለየግዛቱ ምክር ቤት ነው የተወው። ሜይንና ነብራስካ ሁለቱን ድምፅ በግዛት ደረጃ ላሸነፈ፣ የቀረውን በየምርጫ ወረዳው ይሰጣሉ። ከሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ የሆኑት ማዲሰን ራሳቸው በ1823 የወረዳውን አሠራር ደግፈው ጽፈዋል። ስለዚህ «የአባቶች ወግ» የሚል ሰው የቱን ወግ ማለቱ እንደሆነ ይንገረን። የወረዳው አሠራርም ጣጣ አለው፤ የወረዳ ድንበር የሚያሰምረው አብዛኛውን ጊዜ የግዛቱ ምክር ቤት ስለሆነ፣ ለራስ ፓርቲ እንዲያመች ድንበር ቆርጦ የመቀጠሉ ተንኮል ወደ ፕሬዝዳንት ምርጫም ይዛመታል።

ሐና ቢ.
አመሰግናለሁ። ታዲያ ለምን በማሻሻያ አይለውጡትም?

ተክሌ
ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ 38 ግዛቶች ያስፈልጋሉ። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት አሳልፎት ነበር፤ ሪፐብሊካኑ ኒክሰንም ደግፈውታል። በ1970 ሴኔት ውስጥ በንግግር ማራዘም ታንቆ ቀረ፤ ካነቁት መካከል የደቡብ ዴሞክራቶች ነበሩበት። እንግዲህ የፓርቲ ጥቅም ብቻ ነው የሚለው መልስ ለዚያ ዘመን አይሠራም።

አሁን የተያዘው ሌላ ዘዴ ነው። የተስማሙ ግዛቶች ድምፃቸውን በአገር አቀፍ ደረጃ ላሸነፈው ይሰጣሉ፤ ውሉ የሚጸናው ፈራሚዎቹ 270 ሲሞሉ ነው። በ2024 ሜይን ስትገባ 209 ደርሷል። ወግ አጥባቂዎች የማሻሻያውን በር ትቶ በጓሮ መግባት ነው ይሉታል፤ በግዛቶች መካከል የሚደረግ ውል የኮንግረስ ፈቃድ ይሻል የሚለውን አንቀጽም ይጠቅሳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አፈጻጸሙ ነው። አገር አቀፍ ድምሩን የሚያጸድቅ አካል የለም። አንድ ያልፈረመ ግዛት ቆጠራውን ቢያጓትት ወይም ውጤቱ ቢያጨቃጭቅ፣ ፈራሚዎቹ በሌላ ግዛት ቆጠራ ላይ ተመሥርተው መወሰናቸው ነው፤ ዳግም ቁጠሩ ብለው የማዘዝ ሥልጣንም የላቸውም።

ጥላዬ
ሐና፣ «የተመረጠው ወካይ ቢከዳስ?» ማለትሽ አይቀርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 ግዛቶች ቃሉን ያጠፈ ወካይ መቅጣት ይችላሉ ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ኮንግረስ የወካዮቹን ድምፅ በሚቆጥርበት ቀን፣ በፈረንጆቹ ጃንዩወሪ 6፣ የሚቀርብ ተቃውሞን አጥብቆታል። ድሮ ከየምክር ቤቱ አንድ አንድ ሰው ከፈረመ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ የእያንዳንዱ ምክር ቤት አንድ አምስተኛ መፈረም አለበት።