የ6 ዓመት የፑድል ዲቃላ ውሻ ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ዕድሜዬ 57 ነው። ልጆቼ የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው ወጥተዋል። ማታ ማታ ቤቱ ጭር ይልብኛል። አንድ የማውቃት ሴት አገር ልትለቅ ስለሆነ የ6 ዓመት ውሻዋን የሚወስድላት ሰው እየፈለገች ነው። ቡቺ ይባላል። ፑድል ከሌላ ትንሽ ዝርያ ጋር የተዳቀለ ነው፤ ከየትኛው እንደሆነ እሷም አታውቅም። 8 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ቀን ላየው ሄጄ ነበር። መጣና እግሬ ሥር ተኛ። ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልጠፋም።

ግን እፈራለሁ። በሳምንት 3 ቀን ለግማሽ ቀን ሥራ እሄዳለሁ፤ ብቻውን ነው የሚሆነው። የልጅ ልጄ ደግሞ አለርጂ አለባት። ሰው ሁሉ “ፑድል አለርጂ አይቀሰቅስም” ይለኛል፤ እውነት ነው? ደግሞስ 6 ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የለመደ ውሻ እኔን ይለምደኛል? ቡችላ ብወስድ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ያደጉ ውሾችን ተቀብላ ያኖረች

እህቴ፣ ይለምድሻል። የኔን የወሰድኳት በ7 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ምግብም አልነካችም። በደልኳት ብዬ አለቀስኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ በር ድረስ መጥታ ትቀበለኝ ጀመር። ሙሉ በሙሉ የቤቱ ሰው የሆነችው ግን ከ3 ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ እንዳትቆርጪ።

ቡችላው ይቅርብሽ። ሌሊት ያስነሳል፤ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ ሲያድግ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖረውም አታውቂም። ቡቺ ግን ዛሬ የምታይው ነው።

የሚተኛበትን ጨርቅ ሳይታጠብ ይዘሽው ነይ፤ የለመደው ሽታ ያረጋጋዋል። ምግቡንም በአንዴ አትቀይሪበት። ለአንድ ሳምንት ያህል አዲሱን ከድሮው ጋር እያቀላቀልሽ ስጪው፤ አለበለዚያ ሆዱ ይበላሻል።

መልስ፦ የውሻ ጸጉር አስተካካይ

እናቴ፣ ስለ ጸጉሩ አልጠየቁም። እኔ ግን ከሁሉም በፊት እሱን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። የፑድል ጸጉር እንደ ሰው ጸጉር ማደጉን አያቆምም። የረገፈውም ምንጣፍ ላይ አይወድቅም፤ እዚያው ጥቅልሉ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ቤትዎ ንጹሕ ይሆናል፤ ጸጉሩ ግን ካልተበጠረ ተተብትቦ እንደ ባና ይሆናል። ቆዳውን ይጎትተዋል፤ ያመዋል፤ ከሥሩም ይቆስላል።

ከላይ ሲያዩት ያማረ፣ ከሥር ግን የተቆላለፈ ውሻ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። ባለቤቶቹ በየቀኑ ቢያበጥሩትም ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ ነው። ጸጉሩን በእጅዎ ከፈል ከፈል እያደረጉ ከቆዳው ጀምረው ያበጥሩ። መጨረሻ ላይ በብረት ማበጠሪያ ይሞክሩት፤ ሳይያዝ ካለፈ ጨርሰዋል። ቢያንስ በሁለት ቀን አንዴ ያስፈልገዋል። ከጆሮው ጀርባ፣ ብብቱ ሥርና የአንገት ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ቶሎ ይቋጠራል። ቋጠሮ ካለ ሳያጥቡት በፊት ይፍቱለት፤ ውሃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃል።

በየ6 ሳምንቱ ገደማ መቆረጥም አለበት። ይህ ወጪ ዕድሜ ልኩን አይቀርም። ጊዜ የሚያጥርዎ ከሆነ አጭር አድርገው ያስቆርጡት።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ስለ አለርጂው የሰሙት ትክክል አይደለም። አለርጂ የሚቀሰቅሰው በውሻው ምራቅ፣ በቆዳው ፎረፎርና በሽንቱ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ይህ ደግሞ የሌለበት ውሻ የለም። ላብራዶር የሚባለውን የውሻ ዝርያ ከፑድል ማዳቀል የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የመሪ ውሾች አርቢው ዋሊ ኮንሮን ለአንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻ ሲፈልግ ነው። ባሏ አለርጂ ነበረበት። ከተወለዱት 3 ቡችሎች የሰውየውን አለርጂ ያልቀሰቀሰው አንዱ ብቻ ነበር። የአንድ እናት ልጆች እንኳ ይለያያሉ ማለት ነው። ስለዚህ የዝርያውን ስም ይተዉትና የልጅ ልጅዎን ከራሱ ከቡቺ ጋር ያገናኟት፤ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ። አስም ካለባት ግን ከዚያ በፊት ሐኪሟን ይጠይቁ።

ቡቺንም ሳይወስዱት ያስመርምሩት። የክትባት ካርዱን፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ይዩ። የትንንሽ ፑድሎች ጥርስ ቶሎ ይታመማል። የጉልበታቸው ሎሚም አንዳንዴ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሲሮጥ አንድ የኋላ እግሩን አንስቶ ለጥቂት እርምጃ ከዘለለ ያ ነው ምልክቱ። ጆሮው ውስጥ ጸጉር ስለሚያድግ ያሽትቱት፤ መጥፎ ሽታ ካለ መርቅዟል። በዚህ መጠን ያሉት ብዙዎቹ እስከ 14 ወይም 15 ዓመት ይኖራሉ፤ ገና ብዙ ዓመት አብሮዎት ይሆናል።

መልስ፦ የፑድል ባለቤት

ግማሽ ቀን ለጤነኛ ያደገ ውሻ ብዙ አይደለም። የቡቺ ባለቤት ግን ብቻውን ትታው ታውቃለች? እሱን ይጠይቋት። ፑድል ከሰው መለየት ይከብደዋል። የኔው መጀመሪያ ላይ በሩን እየቧጠጠ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮህ ነበር። ያስለመድኩት ከ1 ደቂቃ ጀምሬ ነው፤ ወጥቼ እመለሳለሁ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ 15። ስወጣም ስገባም ብዙ አላቆላምጠውም። ሥራ በሌለዎት ቀን እንኳ ለትንሽ ጊዜ ትተውት ይውጡ፤ አለዚያ የሥራው ቀን ዱብ ዕዳ ይሆንበታል።

ፑድል ድሮ ከውሃ ውስጥ ዳክዬ የሚያመጣ የአደን ውሻ ነበር። ጭንቅላቱ ሥራ ይፈልጋል። ከመውጣትዎ በፊት በደንብ ያንሸራሽሩት፤ ከምግቡም ጥቂቱን በየጥጉ ይደብቁና ፈልጎ እንዲያገኘው ያድርጉ።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ከልጅ ልጄ ጋር ሄድን። ሁለት ሰዓት ቆየን፤ እስካሁን አላስነጠሳትም፤ ቅዳሜ ደግመን እንሄዳለን። ከጆሮው ጀርባ እንዳላችሁት ሁለት ቋጠሮ አገኘሁ። ስነካካው ዝም አለኝ። ባለቤቱ ስልኳን ቪዲዮ ላይ አድርጋ ሁላችንም ለ20 ደቂቃ ወጣን። ለ4 ደቂቃ ጮኸ፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ተጋድሞ ጠበቀን። የምትሄደው ከወር በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ወስጄ ላየው ተስማማን። የሐኪም ቀጠሮው ሰኞ ነው። የብረት ማበጠሪያም ገዝቻለሁ።