ለስፔን አንዲት ድሬድኖት፦ በጋራ ዕቅዱ ላይ የአባላት ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮው የጋራ ሥራችን ተመርጧል። ስፔን በ1908 ሕግ አውጥታ ያሠራቻቸውን ሦስት የጦር መርከቦች እኛ ብንነድፋቸው ኖሮ ምን ይመስሉ ነበር? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እውነተኞቹ በመጀመሪያዋ ስም የኢስፓኛ ክፍል ይባላሉ፤ ከተሠሩት ድሬድኖቶች (ዋና መድፎቻቸው ሁሉ ትላልቅና አንድ ልክ የሆኑ የጦር መርከቦች፤ ስሙ የመጣው ከእንግሊዟ ድሬድኖት ነው) ሁሉ ትንሾቹ ናቸው። 15,700 ቶን ገደማ፣ ርዝመት 140 ሜትር፣ ወርድ 24 ሜትር፣ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው 7.8 ሜትር። መድፋቸው ስምንት፣ የአፈሙዙ ስፋት 305 ሚሊሜትር።

ደንቡ ቀላል ነው። በ1909 ያልነበረ ነገር አይገባም። ገንዘቡና ድራይ ዶኩ (መርከብ ለጥገና የሚገባበት፣ ውሃው የሚወጣለት ገንዳ) እንደነበሩ ይቆያሉ። ረቂቁን እሁድ ማታ እንዘጋዋለን።

አዲሷ አባል፦
ለምን ስፔን? ለምኒልክ አንድ ብንሠራላቸውስ?

አስተባባሪ፦
እቱ፣ የት እናቆማታለን? ያኔ ምጽዋም አሰብም በጣሊያን እጅ ናቸው። ጣና ላይ ካላንሳፈፍናት በቀር ቦታ የለንም። ስፔንን የወደድናት እጇ ስላጠረ ነው። በ1898 ከአሜሪካ ጋር ስትዋጋ በካቪቴና በሳንቲያጎ ደ ኩባ መርከቦቿን አጥታለች፣ ካዝናዋ ሳስቷል፣ ድራይ ዶኮቿ ጠባብ ናቸው። ገንዘብ እንደ ልብ ሲሆንማ ማንም መሐንዲስ ነው።

ባለ 14 መድፉ፦
አሥራ ሁለት መድፍ ግን ያምር ነበር…

ሞዴል ሠሪው፦
መጣህ ደግሞ! አንተን የሚያረካህ የአሜሪካው ሴናተር ቲልማን ነው። በሱ ግፊት የተሳሉት መርከቦች 80,000 ቶን ደርሰው ነበር፤ ልካቸውን በዋናነት የወሰነው መርከብ የሚያልፍባቸው የፓናማ ቦይ በሮች ርዝመትና ወርድ ነው። አንዳቸውም አልተሠሩም።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። እኔ የምለው መድፉን አንንካ፣ አቀማመጡን እንቀይር ነው። ኢስፓኛ አንድ ማማ (መድፎቹን የያዘ የሚዞር የብረት ክፍል) ፊት፣ አንድ ኋላ፣ ሁለት ደግሞ መሐል ላይ ግራና ቀኝ በሰያፍ አላት። እያንዳንዱ ማማ ሁለት ሁለት መድፍ ይዟል። የመሐሎቹ ናቸው ጣጣው። ወደ ማዶ ለመተኮስ በመርከቧ ወለል ላይ አሻግረው ነው የሚተኩሱት፤ ያውም በጠባብ አንግል። ባሩድ ክፍላቸው ደግሞ ወደ ጎን ቀርቧል፤ ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ ጎን የሚመታ ፈንጂ) ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የአሜሪካዋን ሳውዝ ካሮላይናን እዩ። 16,000 ቶን፣ 138 ሜትር። ልክ የኛን ታህላለች። አራቱም ማማዎች መሐል መስመር ላይ ናቸው፤ ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ፣ በየጥንዱ ወደ መሐል ያለው ከጫፉ በላይ ከፍ ብሎ። ስምንቱም መድፍ ወደ ሁለቱም ጎን ያለ ችግር ይተኩሳል። ሥራዋ የተጀመረው በ1906 ነው፣ ስለዚህ ደንቡን አልጣስንም።

ጋሽ መካኒኩ፦
ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ዘለልክ። አንደኛ፣ የኢስፓኛ ማማዎች የእንግሊዝ ሥራ ናቸው። የእንግሊዞቹ ማማ ያኔ የአነጣጣሪው መመልከቻ ጣሪያው ላይ ነበር፤ ክፍት። ከላይ ያለው መድፍ በቀጥታ ወደ ፊት ሲተኩስ ግፊቱ ታች ያለው ሰው ፊት ላይ ነው የሚገባው። ሁለተኛ፣ በወረቀት ላይ ኢስፓኛ ወደ ፊት በስድስት መድፍ ትተኩሳለች። ያንተዋ በአራት።

ሞዴል ሠሪው፦
ጋሼ ልክ ነዎት። መመልከቻውን ከጣሪያ አውርደን ጎን ላይ እናድርገው፤ ለእንግሊዙ መሣሪያ ሠሪ ኩባንያ ለቪከርስ ከባድ ሥራ አይደለም። ስድስቱን መድፍ በተመለከተ ግን፣ የጎን ማማ በቀጥታ ወደ ፊት ሲተኩስ የራሱን መርከብ ወለልና የአዛዦቹን መቆሚያ ድልድይ ነው የሚያደቀው። የወረቀት ስድስት ነው፣ አልገዛውም።

ጋሽ መካኒኩ፦
እሺ፣ በዚህ ተረታሁ። ክብደቱንስ? ከፍ ያለ ማማ ከባድ ነው።

ባለ ኤክሴሉ፦
እሱን ሠርቻለሁ። ስፕሪንግሻርፕ በሚባለው የመርከብ ንድፍ ማስያ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቼም አየሁት፤ የመረጋጋት ቁጥሩ ወርዷል፣ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። የኔ ሐሳብ የጎኑን መከላከያ ብረት ከ203 ወደ 229 ሚሊሜትር ማሳደግ ነው። 203 ለዘመኑ ቀጭን ነው፣ የእንግሊዟ ድሬድኖት 279 ነበራት። የሚወፍረው ብረት በሁለቱም ጎን 80 ሜትር ርዝመትና 3.5 ሜትር ከፍታ ይኑረው እንበል፤ 560 ካሬ ሜትር ነው። በ26 ሚሊሜትር ሲወፍር 114 ቶን ይጨምራል። ማካካሻ ያስፈልገናል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ከ12ቱ ቦይለር (እንፋሎት ማፍያ ጋን) ሁለቱን ማውጣት ነበር። ኃይሉ ከ15,500 ወደ 12,900 የፈረስ ጉልበት ይወርዳል። ፍጥነት በኃይሉ ልክ ስለማይቀንስ የምናጣው አንድ ኖት (የመርከብ ፍጥነት መለኪያ) ከምናምን ነው፤ ከ19.5 ወደ 18.3።

ጋሽ መካኒኩ፦
ይቅርብህ! በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ቦይለር ሠርተህ አታውቅም መሰለኝ። አንዱ ሁሌም እሳቱ ጠፍቶ አመዱና ጥላሸቱ ይጠረጋል። 12 አለኝ የሚል መርከብ በደህና ቀን የሚያነደው 11 ነው። ከ10 ላይ አንዱ ሲወጣ 18ም አትደርስም።

ባለ ኤክሴሉ፦
እሺ ጋሼ፣ ሌላ መንገድ አለ። ድራይ ዶኩ የሚገድበን ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት ነው፤ ቅርጹን ማን ከለከለን? 140 በ24 በ7.8 ብታባዙና በባህር ውሃ ክብደት ብታሰሉት 26,860 ቶን ይመጣል። ሳጥን ብትሆን ማለት ነው። ኢስፓኛ የሳጥኑን 58 ከመቶ ነው የያዘችው፣ ቀጠን ያለች ናት። አፍንጫዋንና ኋላዋን ሞላ አድርገን 60 ከመቶ ብናደርሳት 16,100 ቶን ትሆናለች። 400 ቶን አገኘን፤ ድራይ ዶኩም ልዩነቱን አያውቅም። 12ቱ ቦይለር ይቆያሉ፣ ፍጥነቱም 19 አካባቢ ይሆናል።

አዲሷ አባል፦
ገንዘቡስ? 400 ቶን ብረት በነፃ ነው?

ባለ ኤክሴሉ፦
እዚህ ላይ ይዘሽኛል። ትንንሾቹን ባለ 102 ሚሊሜትር መድፎች ከ20 ወደ 14 ብናወርድ የተወሰነ ይመለሳል።

ጋሽ መካኒኩ፦
ቶርፔዶ ጀልባ ሲመጣ በድንጋይ ልትወረውርባት ነው? በዚህ አልስማማም።

አስተባባሪ፦
የ102ቱ ጉዳይ እሁድ በድምፅ ይወሰን። የቀረውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ አስተካክሉልኝ፦

«ስምንት ባለ 305 ሚሊሜትር መድፍ በአራት ማማ፣ ሁሉም መሐል መስመር ላይ፤ የአነጣጣሪ መመልከቻ በማማው ጎን። የጎን ብረት 229። 12 ቦይለር፣ ተርባይን፣ 19 ኖት። ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት እንደ ኢስፓኛ።»

ጋሽ መካኒኩ፦
አንድ አንቀጽ ጨምርበት። የሦስቱንም መርከብ መድፍ በአንድ ጊዜ፣ በ1909 ይዘዙ። እውነተኛዋ ሦስተኛ፣ ሃይሜ ቀዳማዊ፣ በ1914 ውሃ ላይ ወርዳ ነበር፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት በመፈንዳቱ ዕቃው ከእንግሊዝ አልመጣ ብሎ እስከ 1921 ቆመች። ያኔ ዘመኗ አልፎ ነበር።

ባለ 14 መድፉ፦
ጋሼ፣ ጦርነት እንደሚመጣ በ1909 ማን ያውቃል? ይሄ ደንብ መጣስ ነው።

ጋሽ መካኒኩ፦
ጦርነቱን ማወቅ አያስፈልግም። ዕቃህ ከሰው አገር ሲመጣ ቀድሞ ማዘዝ የማንም ነጋዴ ብልሃት ነው።

አስተባባሪ፦
«በተቻለ መጠን» ብዬ አስገብቼዋለሁ። ሥዕሉን ማን ይይዛል?

ሞዴል ሠሪው፦
እኔ። የጎንና የላይ እይታ፣ በ1፡700። የፊቱን ምሰሶ ከጭስ ማውጫው ፊት ነው የማቆመው፤ የእንግሊዟ ድሬድኖት ከኋላው አድርጋው የዒላማ ተመልካቾቿን በጭስና በሙቀት አቃጥላቸዋለች። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ንድፍ እለጥፋለሁ። ባለ ኤክሴሉ፣ የማማዎቹን ስፋት ዛሬ ካልላክልኝ ግን አልጀምርም።