ለኪዩብሳት የአቅጣጫ መቆጣጠሪያ፦ የትኛው ዕቃ ያዋጣል?

«ለኪዩብሳታችን (ለትንሿ ሳጥን መሰል ሳተላይታችን) ዋጋው የሚቀመስ፣ ሰማይ ላይ ከወጣ በኋላም የማይከዳን የአቅጣጫ መቆጣጠሪያ ከየት እናግኝ?» የሚል ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ደጋግሜ እሰማለሁ። ምላሼ አጭር ነው። ለመጀመሪያ ሳተላይት ማግኔቶርከር (በምድር መግነጢሳዊ መስክ ተጠቅሞ ሳተላይቷን የሚያዞር ዕቃ) ግዙ። ካሜራ ካላችሁ አንድ ሪአክሽን ዊል (በመሽከርከሩ ሳተላይቷን የሚያጸና ጎማ) ጨምሩ። የተረፈውን ብር ለሙከራ አውሉት።

ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ምን ያህል ማነጣጠር እንደምትፈልጉ ወስኑ። በ500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሳተላይት በ1 ዲግሪ ብትስት መሬት ላይ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ትስታለች። መስቀል አደባባይን ላንሳ ብላ ሲኤምሲን አንስታ ትመጣለች ማለት ነው። ሥራዋ አጭር የሬዲዮ መልእክት መላክ ብቻ ከሆነ ግን አንቴናዋ ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍን 20 ዲግሪ ብትስትም ችግር የለውም። ብዙ ቡድን ይህን ሳይወስን ካታሎግ ላይ ያየውን ሁሉ ይመኛል።

ከሁሉም የሚረክሰው ቋሚ ማግኔትና ሂስተሬሲስ ዘንግ ነው። ማግኔቱ እንደ ኮምፓስ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይከተላል፤ ዘንጎቹ ውዝዋዜውን ያበርዳሉ። ኤሌክትሪክም ሶፍትዌርም አይፈልግም። የዴልፍት ዩኒቨርሲቲዋ ዴልፊ-ሲ3 እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣችው በዚህ ዘዴ ነው። ለእኛ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢትዮጵያ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ናት። በእኛ ሰማይ የመስኩ መስመር ከሰሜን ወደ ደቡብ ተጋድሞ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በማግኔቱ አቅጣጫ የተገጠመ ካሜራ ከአገራችን በላይ ሲያልፍ የሚያየው አድማሱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ካሜራ ካላችሁ ይህን አማራጭ ተዉት።

ማግኔቶርከር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነው። የመግዛት አቅም ካላችሁ የኔዘርላንዱ አይሲስስፔስ የሚሸጠውን አይኤምቲኪው የተባለ ካርድ እጠቁማለሁ። አንድ ካርድ ላይ ሁለት የማግኔቶርከር ዘንግ፣ አንድ ጠፍጣፋ ጥቅል ሽቦና ማግኔቶሜትር (መግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) አለው። ከሁሉ የምወድለት፣ ሳተላይቷ ከሮኬቱ ስትለቀቅ የሚመጣውን መሽከርከር የሚያስቆመው ፕሮግራም አብሮት መምጣቱ ነው። ይህን መሠረታዊ ሥራ ካርዱ በራሱ ይሠራል። የሚሽከረከር አካል ስለሌለውም የሚያልቅ ነገር የለውም።

ጉድለቱ ይሄ ነው፦ ማግኔቶርከር በመስኩ መስመር ዙሪያ ማዞር አይችልም። በዋልታዎች ላይ በምታልፍ ምሕዋር ላይ ሆና ከኢትዮጵያ በላይ ስትደርስ መስመሩ ከጉዞዋ አቅጣጫ ጋር ይገጥማል። ወደ ግራና ቀኝ ማዘንበሏን በዚያች ሰዓት ማረም አይቻልም፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ርቃ መስመሩ እስኪያዘቀዝቅ መጠበቅ ግድ ነው። ፎቶ የምትፈልጉት ደግሞ እዚሁ እኛ ጋ ነው!

አንድ ዊል ጨምሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ያለማቋረጥ የሚሽከረከር አንድ ጎማ ሳተላይቷን እንደ እንዝርት ያጸናታል፤ ግራና ቀኙን እሱ ይይዝላችኋል፣ ቀሪውን ማግኔቶርከሩ ያርማል። የደቡብ አፍሪካው ኪዩብስፔስ ልክ በዚህ መልክ የተዘጋጀ ስብስብ ሲሸጥ ቆይቷል። ሥሩ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቀችውን ሳንሳት የተባለች ሳተላይት የሠራው ያው ዩኒቨርሲቲ። ዕቃውን በነጠላም ስለሚሸጥ ዛሬ ዊሉን፣ ለሚቀጥለው ሳተላይት ስታር ትራከሩን (ከዋክብትን አይቶ አቅጣጫ የሚለየውን ካሜራ) መግዛት ትችላላችሁ። በእኔ ግምት ለአፍሪካ ቡድኖች ቀዳሚው ምርጫ ይሄ ነው።

የአሜሪካው ብሉ ካንየን ኩባንያ የሚሠራው ኤክስአክት የተባለ ሙሉ የአቅጣጫ መቆጣጠሪያ በጣም ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ማርስ የተጓዙት ሁለቱ ማርኮ ኪዩብሳቶች የተመሩት በእሱ ነው። ነገር ግን ዋጋው ይከብዳል፤ የአሜሪካ የወጪ ንግድ ሕግም አለበት። ለተማሪ ፕሮጀክት አልመክረውም።

ሦስትና አራት ዊል ለመግዛት አትቸኩሉ። ዊል ኩሽኔታ አለው፤ ኩሽኔታ ደግሞ ያልቃል። ናሳን የሚያህል ተቋም ያመጠቀው ኬፕለር የተባለ የሕዋ ቴሌስኮፕ አራት ዊል ነበረው፤ አንዱ በ2012፣ ሁለተኛው በ2013 እ.ኤ.አ. ተበላሹበትና የመጀመሪያ ሥራውን እንደነበረው መቀጠል አልቻለም።

ሴንሰር ላይ ግን ብር ማዳን ይቻላል። የፀሐይን አቅጣጫ በግምት የሚለይ ሴንሰር በርካሽ ፎቶዳዮድ (ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ በሚሰጥ ትንሽ ዕቃ) ራሳችሁ ሥሩት። በስድስቱም ፊት ላይ ለጥፋችሁ በመብራት መለካት ለተማሪም ጥሩ ትምህርት ነው። ማግኔቶሜትሩን ከባትሪውና ወፍራም ጅረት ከሚያልፍበት ሽቦ አርቁት። አለበለዚያ የሚለካው የምድርን ሳይሆን የራሳችሁን መስክ ነው።

ሻጩን «ዕቃው ሰማይ ላይ ወጥቶ ያውቃል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የምትገዙት ያው ሞዴልና ያው ሶፍትዌር መሆኑን ጠይቁ። የንዝረትና የቫኪዩም ሙከራ ውጤቱን በጽሑፍ አስልኩ። የማስረከቢያ ጊዜውንም ከውጭ ምንዛሪ ወረፋው ጋር አዳምሩት።

ስለ ሙከራው፦ ቴሪየርስ የተባለችው የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 ወጣች። የአንዱ ማግኔቶርከር ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ ስለነበር ፓነሏን ወደ ፀሐይ ማዞር አቅቷት ባትሪዋ አለቀ። ይህን ስህተት ለመያዝ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማግኔቶርከሩን አብሩ፣ ከጎኑ የእጅ ኮምፓስ አስቀምጡ፣ መርፌው ወዴት እንደዞረ እዩ። ከዚያ ሶፍትዌራችሁ ከሚለው ጋር አስተያዩት። በሦስቱም አቅጣጫ፣ ሁሉም ነገር ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ፣ ገመዱን ባልሠራው ሰው እጅ ይደገም።