ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤቴ ደይኬር ልከፍት ነው፤ ላይሰንሱ በጠቅላላ ስንት ያስወጣኛል?

ጠያቂ፣ ኦክላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምኖረው ኦክላንድ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኪራይ ቤት ነው። የ3 እና የ8 ዓመት ልጆች አሉኝ። እናቴም ከአገር ቤት መጥታ አብራን ትኖራለች። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። የትንሿ ልጄ የደይኬር ክፍያ ከደሞዜ ሲነሳ የሚተርፈኝ ለቤንዚን እንኳን አይበቃም። ስለዚህ በዚህ ወር መጨረሻ ሥራውን ትቼ ቤቴ ደይኬር ልከፍት አስቤያለሁ።

የአንዲት ጎረቤቴን ልጅ ቅዳሜና እሁድ እይዛለሁ። ሌሎች ሁለት እናቶችም ልጆቻችንን ያዥልን እያሉኝ ነው። የቆጠብኩት 3,000 ዶላር ነው። አንዷ ጓደኛዬ «500 ዶላር ይበቃሻል» ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ «10 ሺህ ካልያዝሽ አትሞክሪው» አለችኝ። ማንን ልመን? ላይሰንሱ እስኪወጣ የሁለቱን እናቶች ልጆች ብቀበልስ? አከራዬ እምቢ ቢለኝስ ምን አደርጋለሁ?

የሳን ሆዜዋ

እህቴ፣ ሁለቱም ጓደኞችሽ አልዋሹሽም። አንዷ የቆጠረችው ለመንግሥት የሚከፈለውን ብቻ ነው። ሌላዋ የቤቱን ወጪም ጨምራ ነው የነገረችሽ። እኔ በ2018 ስጀምር ሁሉንም በደብተር እጽፍ ነበር። ደብተሩን አውጥቼ ልንገርሽ።

ኦንላይን የሚሰጠው ኦሪየንቴሽን (የመግቢያ ገለጻ) 25 ዶላር። የማመልከቻው 73 ዶላር፤ ይህ ጥቂት ልጅ ለሚያዝበት ለትንሹ ላይሰንስ ነው፣ ብዙ ልጅ ለሚያዝበት ለትልቁ 140 ነበር። እሱን በየዓመቱም ትከፍያለሽ። የጣት አሻራ ለእኔና ለባለቤቴ ወደ 150 ዶላር ወጣ። ቤት ውስጥ የሚኖር ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ አሻራ ይሰጣል፤ እናትሽም ማለት ነው። ከዚያ የ16 ሰዓት የጤናና ደህንነት ስልጠና አለ፤ ሲፒአር (ልብ ወይም ትንፋሽ ሲቆም የሚሰጥ እርዳታ) እና የመጀመሪያ እርዳታ እዚያ ውስጥ ነው። 190 ዶላር ከፈልኩ። እዚህ ላይ እንዳትሸወጂ፦ በኮምፒውተር ብቻ የተወሰደ ሲፒአር አይቀበሉም። አሻንጉሊቱ ላይ በእጅሽ ተጭነሽ መለማመድ አለብሽ።

የቀረው የቤት ነው። እሳት ማጥፊያው ቱ ኤ ቴን ቢሲ (2A10BC) የሚል ጽሑፍ ያለበት መሆን አለበት፤ 45 ዶላር። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎች 60። የደረጃና የኩሽና በር መከለያ 120። ሁለት ተጣጣፊ የሕፃን አልጋ 160። የካቢኔት ቁልፎች 30። ምንጣፍ፣ ትንንሽ ጠረጴዛና መደርደሪያ 300 ገደማ። ብትደምሪው ወደ 1,150 ዶላር ነው። 3,000ው ለዚህ ይበቃሻል።

እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ማመልከቻ ካስገባሁበት ቀን የመጀመሪያው ልጅ በሬን እስኪያንኳኳ አራት ወር አለፈ። አራት ወር ሙሉ ኪራይ እየከፈልኩ፣ ሳንቲም ሳይገባ! በሁለተኛው ወር የወርቅ ሀብሌን ሸጥኩ። ያንን ሀብል እናቴ ናት የሰጠችኝ። ስለዚህ እባክሽ፣ ላይሰንሱ በእጅሽ ሳይገባ ሥራሽን አትልቀቂ።

የኤልኤዋ

እኔ ፌርፋክስ፣ ከሊትል ኢትዮጵያ ብዙም ሳልርቅ ነው የምሠራው። አሁን ትልቁ ላይሰንስ አለኝ፣ 12 ልጅ ከረዳት ጋር። እዚያ ለመድረስ በትንሹ አንድ ዓመት መሥራት ነበረብኝ።

የሁለቱን እናቶች ልጆች አሁን አትቀበዪ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ ላይሰንስ መያዝ የምትችዪው ከራስሽ ልጆች ሌላ የአንድ ቤተሰብ ልጆችን ብቻ ነው። የጎረቤትሽ ልጅ ችግር የለውም። ሌላ ቤተሰብ በጨመርሽ ቀን ግን ከሕግ ውጭ ሆንሽ። ቅሬታ ቢቀርብብሽ ደግሞ ወደፊት ለማመልከቻሽ ጥሩ አይሆንም።

ሌላው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። ትንሹ ላይሰንስ 6 ልጅ ሲባል 6 ከፋይ ማለት አይደለም። ከ10 ዓመት በታች የሆኑ የራስሽ ልጆች ይቆጠራሉ። የአንቺ ሁለቱም ገቡ፤ ስለዚህ የሚቀርሽ 4 ቦታ ነው። ከስድስቱ ደግሞ ከ2 ዓመት በታች የሆኑት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። እስከ 8 ልጅ የሚፈቀድበት መንገድ አለ። ያኔ ከ2 ዓመት በታች የሆኑት ከሁለት ልጅ አይበልጡም፣ አንድ ልጅ ቢያንስ መዋዕለ ሕፃናት የጀመረ፣ ሌላ አንድ ደግሞ ቢያንስ 6 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የ8 ዓመቱ ልጅሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ገቢሽን ስታሰዪ በ6 ሳይሆን በ4 ከፋይ ጀምሪ።

ነርሷ

ስለ ጤና ምርመራው ማንም ስላላነሳ ልጨምር። ቤት ውስጥ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ የቲቢ ምርመራ ይጠየቃሉ። እኛ አገር ቤት ስንወለድ የቢሲጂ ክትባት ወስደናል፤ ያ ክንዳችን ላይ ያለው ጠባሳ። በዚህ ምክንያት የቆዳው ምርመራ ሲያብጥ ቲቢ አለባችሁ ተብሎ ሰው ይደነግጣል። ከዚያ ራጅ፣ ከዚያ ቀጠሮ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት። ከመጀመሪያው የደሙን ምርመራ ጠይቁ። ቢሲጂ እሱን አያሳስተውም። በተለይ ለእናትሽ እንደዚያ አድርጊ።

ለአንቺ ደግሞ የኩፍኝና የትክትክ ክትባት ማስረጃ ያስፈልግሻል። ካርድሽ አገር ቤት ከቀረ ለኩፍኙ በደም ምርመራ መከላከያው እንዳለሽ ማሳየት ይቻላል፤ ካልሆነም እንደገና መከተብ ነው። የኢንፍሉዌንዛውን ክትባት ካልፈለግሽ በጽሑፍ ማሳወቅ ትችያለሽ።

የሳን ዲያጎው

ባለቤቴ ናት ደይኬሩን የምትሠራው፤ ወረቀቱን የምጨርሰው ግን እኔ ነኝ። የአከራዩን ጉዳይ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ብዙ እንቅልፍ አሳጥቶኛል።

ያኔ የነበርንበት ቤት አከራይ «ውሉ ላይ ንግድ ክልክል ነው ይላል፣ ከቤቴ ውጡ» አለን። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔም ቤት ፍለጋ ጀምሬ ነበር። በኋላ አንድ የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ሰው ሕጉን አሳየን። ካሊፎርኒያ ውስጥ ላይሰንስ ያለው የቤት ደይኬር እንደ መኖሪያ ነው የሚቆጠረው። ውሉ ንግድ ክልክል ነው ቢልም አከራይ ሊከለክልሽ አይችልም። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ይህ ለትልቁ ላይሰንስም በግልጽ ተደንግጓል። ከተማውም የንግድ ፈቃድ አውጪ፣ ክፈዪ ሊልሽ አይችልም።

የአንቺ ግዴታ ከመክፈትሽ 30 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፤ ለዚያ የተዘጋጀ ፎርም አለ። አከራዩ ፈቅዶ መፈረም ያለበት ልጆቹን ወደ 7 ወይም 8 ማሳደግ ስትፈልጊ ነው። ለቤቱ የሚያዘውን ተቀማጭ ገንዘብ (ዲፖዚት) ሕጉ እስከሚፈቅደው ድረስ ሊጨምርብሽ ይችላል። ይህን ከበጀትሽ ውስጥ አስገቢው። ደብዳቤውን ከሰጠሽው በኋላ ኮፒ አስቀሪ። በቃል ብቻ እንዳትነግሪው አደራ።

ጠያቂ፣ ኦክላንድ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የ4ቱን ቦታ ነገር ሳነብ ደነገጥኩ፤ እኔ በ6 ነበር የማሰላው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ኢንሹራንስ ግዴታ ነው ወይ? ቤቱን ለማየት የሚመጡትስ የላይሰንስ ሰዎች ምን ምን ያያሉ? እናቴ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ታፈላለች፣ በከሰል።

የሳን ሆዜዋ

ኢንሹራንስ ግዴታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን ሦስት አማራጭ አለ። ለአንድ አደጋ 100,000፣ በዓመት በጠቅላላ 300,000 ዶላር የሚሸፍን ኢንሹራንስ፣ ወይም የ300,000 ዶላር ዋስትና፣ ወይም እያንዳንዱ ወላጅ «ኢንሹራንስ እንደሌላት አውቃለሁ» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ወረቀቱን አስፈረምኩ፤ በሁለተኛው ኢንሹራንስ ገባሁ። አንድ ልጅ ከወንበር ወድቆ አገጩ ተሰነጠቀ። ወላጆቹ ደግ ሰዎች ነበሩ። ያን ሌሊት ግን አልተኛሁም። አቅም ካለሽ ከመጀመሪያው ግቢ።

ስለ ጉብኝቱ፦ የመጣችው ሴትዮ መጀመሪያ የከፈተችው የኩሽናውን የታች ካቢኔት ነው። በረኪናው ተቆልፏል ወይ? መድኃኒቶቹስ? የእናቴን የደም ግፊት ኪኒን ከራስጌዋ አገኘችው፤ በዚያ ምክንያት ተመልሳ መምጣት ነበረባት፣ ሁለት ሳምንት ሄደ። የሕፃን መራመጃ፣ ያ ጎማ ያለው፣ ክልክል ነው። አገር ቤት ስለለመድነው ሰው ስጦታ ያመጣል፤ ከቤት አውጪው። ቡናውን ልጆቹ ባሉበት ሰዓት በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፣ ጀበናውንም ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከሰሉ ቅዳሜና እሁድ ልጆቹ ከሌሉ ይቆያችሁ።

የታክስ ባለሙያው

አንድ ነገር ብቻ። ከመክፈትሽ በፊት የምታወጪውን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ፣ የ25ቱንም ዶላር ጭምር። ለመነሻ ከወጣው እስከ 5,000 ዶላር ድረስ በጀመርሽበት ዓመት ከገቢሽ ላይ ይቀነሳል። ኪራይና መብራትም ለደይኬሩ በዋለው ቦታና ሰዓት ልክ ይቀነሳል። ስለዚህ የሥራ ሰዓትሽን መዝግቢ፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የምታጸጂበትም ይቆጠራል። ታክስሽን የሚቆርጥልሽ አሠሪ ስለሌለ በየሩብ ዓመቱ ራስሽ ትከፍያለሽ።

የኤልኤዋ

የምግቡን ፕሮግራምም አትርሺ። የፌዴራል መንግሥት ለልጆቹ ለምታቀርቢው ምግብ በየወሩ ይመልስልሻል። በየካውንቲው ደግሞ ወላጅና ደይኬር የሚያገናኝ ድርጅት አለ። ከማንም በፊት እዚያ ደውዪ። የስልጠናውን ገንዘብ የሚመልሱበት ጊዜ አለ፣ ድጎማ የሚያገኙ ቤተሰቦችንም ይልኩልሻል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ልጆች ያገኘሁት በእነሱ በኩል ነው።

ጠያቂ፣ ኦክላንድ

ዛሬ ለሱፐርቫይዘሬ አልለቅም አልኳት። ጭራሽ የማታ ፈረቃ ጠየቅኩ። ቀኑን ለወረቀቱ አደርገዋለሁ። ለሁለቱ እናቶችም ላይሰንሱ እስኪወጣ ታገሡኝ ብያቸዋለሁ፤ አንዷ እጠብቅሻለሁ አለችኝ። የእናቴ የደም ምርመራ ሐሙስ ነው። ኦሪየንቴሽኑን ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እጀምራለሁ።