የበረራ ሂሳቤ ታግዷል፤ እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ ከኮርሱ እሰረዛለሁ ተብያለሁ

ጠያቂ፦ የቀድሞ ወታደር፣ የብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር መካኒክ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ በአስቸኳይ እንዲመልስልኝ እለምናለሁ። ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ደረስኩ። አስተማሪዬ ቁልፉንና የአውሮፕላኑን ሰነድ ሊያመጣ ኮሌጃችን በውል ወደሚያሠራው የበረራ ኩባንያ ቢሮ ሲገባ፣ እኔ ከሴስና 172ቷ ክንፍ ሥር የነዳጅ ናሙና እየቀዳሁ ነበር። ሰማያዊውን ነዳጅ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ ውኃ ወይም ቆሻሻ እንዳለበት ስመለከት አስተማሪዬ ባዶ እጁን ተመለሰ። የዚህ ሴሚስተር የበረራ ክፍያ 14,600 ዶላር ስላልገባ፣ ስሜ በኮምፒውተሩ ላይ በቀይ ወጥቶ ቁልፍ እንዳይሰጠኝ ታዟል። ወደ ኮሌጁ ሂሳብ ክፍል ስደውል፣ እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ ከበረራ ኮርሱ እንደምሰረዝ፣ ካልሆነም ራሴ አቋርጬ በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደገና መመዝገብ እንደምችል ነገሩኝ። ሐሙስ ወደ ቀጣዩ የሥልጠና ደረጃ የሚያሳልፍ የደረጃ ፈተና አለብኝ። ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው የትምህርት ጥቅማጥቅም፣ ጂአይ ቢል፣ አለኝ፤ ታዲያ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ቪኤ፣ ለምን አልከፈለም? በክሬዲት ካርድ ልክፈል ወይስ ላቋርጥ?

ከዳላስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለቪኤ ደውይ። መስመሩ ረጅም ጊዜ ስለሚያስጠብቅ ልክ ሥራ ሲጀምሩ ቢሆን ይሻላል። እኔ የቤት አበል ሲዘገይብኝ ጉዳዬ ያለቀው በስልክ ነው።

ጡረተኛው ሻምበል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ልጄ፣ የገንዘቡን ጉዳይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ይመልሱልሻል፤ እኔ ግን «ላቋርጥ ወይ» የሚለው ቃል አስደንግጦኝ ነው የምጽፈው። በኮሌጅ የሚሰጠው ሥልጠና ዋጋው ከወረቀቱ በላይ ነው። የፌዴራሉ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤኤ፣ ባጸደቀው፣ በደንቡ ክፍል 141 በሚባለው ሥርዓተ ትምህርት የሚማር ሰው የንግድ አብራሪነት ፈቃድ በ190 ሰዓት ሊያገኝ ሲችል፣ በክፍል 61 በግሉ የሚማር ግን 250 ሰዓት ያስፈልገዋል። ከዚያም በላይ፣ እውቅና ካለው ኮሌጅ በአቪዬሽን የሁለት ዓመት ዲግሪ ያገኘና የኮሌጁን የበረራ ኮርሶች እንደ ደንቡ የጨረሰ፣ ለአየር መንገድ የሚጠየቀው ሰዓት ከ1,500 ወደ 1,250 ይወርድለታል። በአቪዬሽን የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ደግሞ በ1,000 ይገባል። ከ1,500ው የሚቀነሱትን እነዚያን 250 ሰዓታት ከኪስሽ ለመብረር ብታስቢ ስንት እንደሚፈጁ አስቢው። ከበረራ የራቀች እጅም ቶሎ ትረሳለች፤ አንድ ሴሚስተር ያቋረጠ ተማሪ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚያጠፋው የሚያውቀውን በመከለስ ነው።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። ከቪኤ የአካል ጉዳት ክፍያ የምትቀበይ ከሆነ፣ በኤፍኤኤ የሕክምና ቅጽ ላይ ስለ አካል ጉዳት ጥቅማጥቅም የሚጠይቀውን ጥያቄ በእውነት መልሺ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤፍኤኤ ይህን ክፍያ ሳይገልጹ ቀርተዋል ብሎ ወደ 4,800 የሚጠጉ የቀድሞ ወታደር አብራሪዎችን መዝገብ ሲመረምር እንደነበር በጋዜጣ ወጥቷል። ጉልበት ያመዋል ተብሎ ፈቃድ የሚከለከል ሰው ጥቂት ነው፤ የደበቀ ሰው ግን ፈቃዱም ክብሩም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከአትላንታ፦

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እኔ ከመነሻው አልስማማም። ለመብረር ኮሚኒቲ ኮሌጅ ምን ያደርጋል? እንግሊዝኛና ሒሳብ እየተማርሽ ሁለት ዓመት ከምታባክኚ፣ በቀጥታ የበረራ ትምህርት ቤት ገብተሽ በጂአይ ቢል በአንድ ዓመት መጨረስ ትችዪ ነበር።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፦

የአትላንታው ወንድማችን ያሉት ለእሷ አይሠራም። ከኮሌጅ ውጭ ባለ የበረራ ትምህርት ቤት ጂአይ ቢል የሚከፍለው በዓመት በተወሰነ ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውም የሙሉ ሥልጠናውን ወጪ አይሸፍንም። የግል አብራሪነት ፈቃዱን አስቀድሞ ከኪስ ከፍሎ መምጣት ግዴታ ነው፤ በፖስት ናይን ኢለቨን ጂአይ ቢል ደግሞ በዚያ ሥልጠና የቤት አበል የለም። በመንግሥት ኮሌጅ የዲግሪ ፕሮግራም ውስጥ ግን በረራው ለዲግሪው ግዴታ የሆነ ኮርስ እስከሆነ ድረስ የግል ፈቃዱም ሳይቀር ይከፈላል፤ የክልሉ ነዋሪ የሚከፍለው የትምህርት ዋጋ ይሸፈናል፤ የቤት አበሉም ይመጣል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ጠያቂዋን ግን ያልጻፉልንን ልጠይቅዎት። በቻፕተር 33፣ ማለትም በፖስት ናይን ኢለቨን ጂአይ ቢል፣ ነዎት ወይስ በሌላ? ብቁነትዎ 100 በመቶ ነው? ስንት ክሬዲት ተመዝግበዋል? የሌሎቹ ኮርሶች ክፍያስ ገብቷል? ያለዚህ የምንመልሰው ሁሉ ግምት ነው።

ጠያቂ፦

ይቅርታ፣ ስለ ተቻኮልኩ ነው። ቻፕተር 33 ነኝ፤ አራት ዓመት ስላገለገልኩ 100 በመቶ ነው። በአብራሪነት የዲግሪ ፕሮግራም 12 ክሬዲት ተመዝግቤአለሁ፤ ከእነዚህ 3ቱ የመሣሪያ በረራ ኮርስ (ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ መብረር) ናቸው። የግል ፈቃዴን ባለፈው ዓመት እዚሁ አገኘሁ፤ ያኔ ምንም ችግር አልገጠመኝም። አሁን ገብቼ ሳይ የሌሎቹም ኮርሶች ክፍያ አልገባም፤ የቤት አበሌ ግን በጊዜው መጥቷል። ግራ ያጋባኝም እሱ ነው። ቪኤ ካላወቀኝ አበሉን ለምን ላከ?

ስለ ሻምበል ምክር፦ የጉልበቴን ነገር በሕክምና ቅጹ ላይ ገልጫለሁ፤ ሐኪሙም ሰነዱን አይቶ ፈርሞልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከሲያትል፣ በኮሌጅ ምዝገባ ክፍል የሠራች፦

እህቴ፣ መልሱ ያለው የቤት አበሉ በመምጣቱ ላይ ነው። የቀድሞ ወታደሮችን ምዝገባ ለቪኤ የሚያሳውቀው የኮሌጁ ሠራተኛ፣ ሰርቲፋይንግ ኦፊሻል የምንለው፣ በብዙ ኮሌጆች ምዝገባውን ሁለት ጊዜ ይልካል። መጀመሪያ ክሬዲቱን ብቻ፣ ክፍያውን ዜሮ ብሎ ይልካል፤ ይህን የሚያደርገው ተማሪው የቤት አበሉ እንዳይዘገይበት ነው። ኮርስ የመጨመሪያና የመቀነሻ ጊዜው ካለፈ በኋላ እውነተኛውን የክፍያ መጠን አስተካክሎ እንደገና ይልካል። በእኔ ግምት የእርስዎ ሁለተኛው ገና አልተላከም፤ ቪኤ ያልከፈለው ዜሮ ተብሎ ስለተላከለት ነው። የበረራ ክፍያ ደግሞ ከመደበኛው የትምህርት ክፍያ ተለይቶ ስለሚመዘገብ፣ ሁለተኛው ሲላክም ተረስቶ ሊቀር ይችላልና አብሮ መግባቱን ይጠይቁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለሰርቲፋይንግ ኦፊሻሉ በኢሜይል ይጻፉ፤ በቃል ብቻ አይተዉት። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ የትምህርት ክፍያዬ በየትኛው ቀን ተላከ፣ በስንት ዶላር ተላከ፣ የበረራ ክፍያው ውስጡ አለ ወይ። የብቁነት ማረጋገጫ ደብዳቤዎን አያይዙበት።

እባክዎ ኮርሱን አያቋርጡ፤ ይህን ደጋግሜ ነው የምለው። 3 ክሬዲት ሲወርዱ ከ12 ወደ 9 ይገባሉ፤ የቤት አበሉም ወደ 80 በመቶ ይቀንሳል። ከተጀመረ በኋላ ለተቋረጠ ኮርስ በቂ ምክንያት ካልቀረበ ደግሞ ቪኤ የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል፤ የቤት አበሉ ዕዳ በእርስዎ ስም ይመጣል፤ የትምህርት ክፍያው ዕዳ ለኮሌጁ ቢላክም ኮሌጁ ከእርስዎ ሊጠይቀው ይችላል። በሥራ ዘመኔ የሂሳብ ክፍልን ምክር በቅንነት ሰምተው ያቋረጡና ከወራት በኋላ የዕዳ ደብዳቤ ይዘው የመጡ ተማሪዎች ፊት ለፊቴ አልቅሰዋል።

ከዳላስ፦

እኔም እኮ ለቪኤ ደውይ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከሲያትል፦

መደወሉ አይከፋም፤ ነገር ግን ስልኩን የሚያነሳው ሰው የሚያየው ኮሌጁ የላከውን ብቻ ነው። ዜሮ ከተላከ ዜሮ ነው የሚነግራቸው።

ከኦሮራ፦

ሲያትል ያሉት ትክክል ይመስለኛል፤ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ አለ። በቻፕተር 33 ወይም በቻፕተር 31 (በአገልግሎት ምክንያት የአካል ጉዳት ላለባቸው የቀድሞ ወታደሮች በተዘጋጀው የሥራ ሥልጠና ፕሮግራም) የሚማር ሰው የብቁነት ደብዳቤውን ለትምህርት ቤቱ ካቀረበ፣ የቪኤ ክፍያ ዘገየ ተብሎ ቅጣት ሊጣልበት፣ ከክፍል ሊከለከል ወይም እንዲበደር ሊገደድ አይችልም። የጊዜ ገደቡ ቪኤ እስኪከፍል ነው፤ ካልከፈለም ኮሌጁ የክፍያውን ማረጋገጫ ከላከ በኋላ እስከ 90 ቀን ይደርሳል። ብቁነታቸው 100 በመቶ ያልሞላ ተማሪዎች ልዩነቱን እንዲከፍሉ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ እርስዎ ግን ሙሉ ነዎት። ይህን ለሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ በትሕትና ይጻፉላቸው፤ ብዙ ጊዜ እገዳውን የሚጥለው ኮምፒውተሩ ነው፤ የሚያነሳው ሰው ግን አለ። በክሬዲት ካርድ አይክፈሉ።

ከአትላንታ፦

ሕጉ ኮሌጁን ይመለከታል። ቁልፉን የከለከላት ግን በአውሮፕላን ማረፊያው ያለው የበረራ ኩባንያ ነው፤ እሱ ነዳጅም አስተማሪም የሚከፍል የግል ድርጅት ነው። 14,600 ዶላር ሦስት ወር ጠብቅ ቢባል ከየት ያመጣል? እኔም ትንሽ የንግድ ድርጅት ስላለኝ ነው የምናገረው።

ከኦሮራ፦

ወንድሜ፣ ሐሳብዎ ይገባኛል። ነገር ግን ተማሪዋ የተመዘገበችው በኮሌጁ ነው፤ የበረራ ኮርሱም የኮሌጁ ኮርስ ነው። ኩባንያው ከኮሌጁ ጋር ውል አለው፤ ገንዘቡን የሚጠይቀውም ከኮሌጁ ነው እንጂ ከእሷ አይደለም። ቪኤም ቢሆን የትምህርት ክፍያውን የሚልከው ለኮሌጁ ነው። በመካከላቸው ያለውን መዘግየት አንዲት ተማሪ በትከሻዋ ልትሸከመው አይገባም። ኮሌጁ አሻፈረኝ ካለ በቪኤ የጂአይ ቢል ቅሬታ ማቅረቢያ መጻፍና የክልሉን የትምህርት ማጽደቂያ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይቻላል።

ጡረተኛው ሻምበል፦

ልጄ፣ ሐሙስ ባትበሪም ከበረራ አትራቂ። ኮሌጁ የበረራ ማስመሰያ መሣሪያ ካለውና እገዳው እሱን ካልነካ፣ አስተማሪሽን ጠይቀሽ ለማረፍ ወደ ማረፊያው የአቀራረብ ልምምዱን እዚያ ሥሪ።

ጠያቂ፣ ረቡዕ ማታ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲያትል ያለችው እህቴ እንዳለችው ሆኖ ተገኝቷል፦ ምዝገባዬ የተላከው ክፍያው ዜሮ ተብሎ ነው። ሰርቲፋይንግ ኦፊሻሏ ዛሬ ከሰዓት ትክክለኛውን ልካለች፤ ነገር ግን የበረራ ክፍያውን ለማካተት ኩባንያው በሰዓት የተዘረዘረ የክፍያ ሰነድ እንዲሰጣት ስለምትፈልግ እሱ ገና ነው። ሂሳብ ክፍሉ ስለ ሕጉ የጻፍኩትን ተቀብሎ «እናየዋለን» ብሎኛል፤ እገዳው ግን እስካሁን አልተነሳም። የደረጃ ፈተናው ወደ ሰኞ ተዛውሯል።

አንዲት አባል፣ ከላስ ቬጋስ፦

በዚሁ ልጠይቅ። ባለቤቴ በግሪን ካርድ ነው ያገለገለው፤ ዜግነቱ ገና ነው። እሱም በዚህ ፕሮግራም መብረር ይችላል?

ከሲያትል፦

ጂአይ ቢሉ በአገልግሎቱ የሚገኝ ስለሆነ ዜግነት አይጠይቅም። የበረራ ሥልጠና ለመጀመር ግን ዜጋ ያልሆነ ሰው በመጓጓዣ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ፣ በቲኤስኤ፣ ተመርምሮ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ብዙ ቀደም ብሎ ያመልክት።

የመካኒኳ እህታችን፣ ያንን በሰዓት የተዘረዘረ ሰነድ ኩባንያው እስኪልከው አይጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ሄደው በእጅዎ ይቀበሉትና ለሰርቲፋይንግ ኦፊሻሏ ራስዎ ያድርሱላት። በሰነዱ ላይ የተጻፈው ሰዓት በጸደቀው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ካለው እንዳይበልጥ ከአስተማሪዎ ጋር አብራችሁ ቁጠሩት፤ ከበለጠ ትርፉን ቪኤ አይከፍልም፤ ሰነዱም ለእርማት ይመለሳል።