ለፈረስ የኤሌክትሪክ አጥር ከቆጣሪ በቀጥታ መሳብ ይቻላል?

ባለጋሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሀዋሳ ጥቁር ውሃ አካባቢ ነው፣ ሁለት የጋሪ ፈረስ አለኝ፣ አንዷ ባዝራ ናት ውርንጭላም አላት። እስካሁን በችካል ነበር የማስራቸው ግን በቀደም ገመዱ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ቆዳዋን ልጦት ወር ያህል ጋሪ አልጎተተችም፣ ከዛ ወዲህ ማሰር አስጠልቶኛል። እሾህ ሽቦ እንዳላጥር ፈረስ ከደነበረ ይተለትለዋል። አንድ ኤሌክትሪክ የሚነካካ ጓደኛዬ ከቆጣሪ ሽቦ ስበን መሀል ላይ አምፖል ብናስገባ ኃይሉን ይቀንሰዋል አለኝ። ቦታው 30 በ40 ሜትር ነው። ይሆናል ወይ? ሰፈሩ ልጆች አሉበት።

ገመዱ ከአዳማ፦
ወንድሜ በእናትህ እንዳታደርገው! ኤሌክትሪክ ስራዬ ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ወደ 270 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፣ የሰው ልብ ለማቆም ከ100 በታች ይበቃል። ደሞ የቆጣሪ መብራት አያቋርጥም፣ ሽቦውን የያዘ ልጅ ጡንቻው ይጨብጥና መልቀቅ ያቅተዋል። ኮቴው ላይ ብረት የተመታለት ፈረስ እርጥብ መሬት ላይ ከቆመማ በቃ። የሚያስፈልግህ ኢነርጃይዘር የሚባለው ማሽን ነው፣ ቮልቱ ብዙ ሺህ ቢሆንም በየሰከንዱ ገደማ አንዴ ብቻ መትቶ ያቆማል፣ ምቱም ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በታች ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ ያስደነግጣል እንጂ ይዞ አያስቀርም። እሾህ ሽቦ ላይ ግን እሱንም እንዳታገናኝ፣ የተጠለፈ ፈረስ እየተመታ ይቀራል።

ባለጋሪው፦
እግዜር ይስጥህ፣ ጓደኛዬ ነገ ሊጀምር ነበር እኮ። መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል?

የፈረስ እናት፦
በ12 ቮልት ባትሪ የሚሰራ አለ፣ ትንሽ ሶላር ታደርግለታለህ። እኔም አዳማ ዳር ነው ያጠርኩት፣ ያስቸገረኝ ማሽኑ ሳይሆን ኧርዙ ነው፣ ከማሽኑ ጋር ተገናኝቶ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ብረት። አንዲት አጭር ፌሮ ቀብሬ በክረምት ጥሩ ሰራ፣ በጋ ሲመጣ መሬቱ ደርቆ ፈረሶቹ ሽቦውን ተደግፈው ሳር ይግጡ ነበር! ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ በፈረሱ አልፎ በመሬት ወደ ማሽኑ መመለስ አለበት፣ ደረቅ አፈር ደግሞ አያሳልፍም። አሁን ሦስት የጋልቫናይዝድ ቱቦ ሁለት ሁለት ሜትር ቀብሬ፣ በመሀላቸው 3 ሜትር ትቼ አገናኘኋቸው፣ በበጋ ውሃ አፈስባቸዋለሁ። ከቤት ኧርዝ ደሞ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ።

ሽቦውን በተመለከተ ቀጭኑን ተወው፣ ፈረስ አያየውም እየጋለበ ይገባበታል። ቀጫጭን ሽቦ የተጠለፈበት ነጭ ሰፊ የአጥር ቴፕ ካጣህ ሽቦው ላይ ነጭ ጨርቅ ቁረጥና እሰርበት። የላይኛው ከመሬት 1.30 ሜትር አካባቢ፣ ለውርንጭላዋ ሌላ ዝቅ ያለ፣ ዙሪያህ 140 ሜትር ስለሆነ ለሁለት ረድፍ 280 ነው። የባህር ዛፍ ቋሚ ይበቃል ግን ሽቦው በኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ መያዣ) ይታሰር፣ እንጨት ሲረጥብ ኃይሉን ይጠጣዋል። ሳርም ሽቦውን እንዳይነካ እጨደው።

ገመዱ ከአዳማ፦
የማስጠንቀቂያ ጽሁፍም ስቀል፣ ለልጆቹ አሳያቸው። መጀመሪያ ቀን ቀን አስለምዳቸው እንጂ ማታ ለቀህ እንዳትተኛ፣ ጅብ ካስደነበራቸው ቴፑን በጥሰው ነው የሚሄዱት። ሌሊት በረት ይግቡ።

ባለጋሪው፦
በረቱ አለ፣ በሩ ነው የላላው፣ መጀመሪያ እሱን አሰራለሁ። ቱቦውን ከነገ ጀምሬ እፈልጋለሁ፣ ማሽኑን እስካገኝ ባዝራዋን ገመድ ሳላስር እኔው ቆሜ አግጣታለሁ።